የቺፕ ኩባንያ ለመምራት ኤምቢኤ ይቅደም?

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ምኞቴ በሰሚኮንዳክተር (የቺፕ) ኢንዱስትሪ ከፍተኛ አመራር ላይ መድረስ ነው። ጓደኞቼ «ቶሎ ኤምቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ያዝና ከቴክኒክ ሥራ ውጣ» ይሉኛል። የቺፕ ኩባንያው የኤኤምዲ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሊዛ ሱ ግን መሐንዲስ ናቸው። እሳቸው እንዴት ደረሱ? እኔስ ከምን ልጀምር? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ቅደም ተከተሉን አዛብተውታል። የዶክተር ሊዛ ሱ ሦስቱም ዲግሪዎች ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ሦስቱም በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ። በ1995 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አይቢኤም ገብተው ስም ያተረፉት በመዳብ ሥራ ነው። ትራንዚስተሮችን (በቺፑ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች) የሚያገናኙት ቀጫጭን መስመሮች ያኔ ከአሉሚኒየም ይሠሩ ነበር። መዳብ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው መቋቋም ከአሉሚኒየም ከሲሦ በላይ ያንሳል፤ ነገር ግን የመዳብ አቶሞች ሲሊከኑ ውስጥ ከሰረጉ ትራንዚስተሩን ያበላሹታል። መከላከያው በመዳቡ ዙሪያ የሚደረግ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከወፈረ ለመዳቡ የሚተርፈው ቦታ ይጠብና ጥቅሙ ይጠፋል፤ ከሳሳ ደግሞ ያሾልካል። አይቢኤም የመዳብ ቺፖችን በ1998 ለገበያ አቀረበ። እሳቸው በ2007 ወደ ሌላው የቺፕ ኩባንያ ፍሪስኬል፣ በ2012 ወደ ኤኤምዲ ሄዱ፤ በጥቅምት 2014 ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆኑ።

እርስዎ ከይልድ ይጀምሩ። ይልድ ማለት ከተሠሩት ቺፖች መካከል ደህና ሆነው የሚወጡት ድርሻ ነው። ባለ 300 ሚሊሜትር ዌፈር (ቺፖቹ የሚሠሩበት ክብ የሲሊከን ሰሌዳ) ላይ 1 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ ቺፕ 640 ያህል ይገኛል። በካሬ ሴንቲሜትር በአማካይ 0.1 እንከን ካለ 580 ገደማው ይተርፋል፤ 0.5 ከሆነ 390 ብቻ። የዌፈሩ ወጪ ግን ያው ነው፤ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ቺፑን 6 ካሬ ሴንቲሜትር ያድርጉት። በዚያው 0.1 እንከን ይልዱ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ለስድስት ብንከፍለውስ? እያንዳንዱ 90 በመቶ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሳሳታል፤ 0.9ን ስድስት ጊዜ ሲያባዛ ተመልሶ ወደ 55 በመቶ የሚጠጋ ያገኝና «ለውጥ የለውም» ይላል። ለውጡ የሚመጣው ቁራጮቹ ከመገጣጠማቸው በፊት አንድ በአንድ ሲፈተሹ ነው፤ እንከን ያለበት ብቻውን ይጣላል፣ ደህናዎቹን ይዞ አይወድቅም። ኤኤምዲ በ2019 ባወጣው የሰርቨር ፕሮሰሰር እስከ ስምንት ትንንሽ የማስሊያ ቺፖችን በ7 ናኖሜትር (ያኔ አዲስ በነበረው የምርት ቴክኖሎጂ) አሠርቶ፣ የግንኙነቱን ክፍል በርካሹ የቀድሞ ቴክኖሎጂ ለየብቻ ያሠራው በዚህ ስሌት ነው። የዳይሬክተሮች ቦርድ ፊት ለፊት የሚቀርብ ውሳኔ ነው፤ ሥሩ ግን የፋብሪካ ሒሳብ ነው።

ስለዚህ ሥራ ሲያመለክቱ የይልድ፣ የፕሮሰስ (የምርት ሂደት) ወይም የፍተሻ መሐንዲስነትን ይፈልጉ። ስታቲስቲክስና የፓይተን ፕሮግራሚንግ ይያዙ። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ብዙ ዓመት መቆየት መንገዱን ይዘጋል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የአንድ ምርት ወጪና ገቢ ተጠያቂነት ይጠይቁ። ኤምቢኤ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ አገራችን ፋብሪካ የለም፤ እስከዚያ በምን ልለማመድ?

መልስ፦ የአሜሪካው ቺፕ አምራች ስካይወተር ከጎግል ጋር በ2020 የ130 ናኖሜትር የዲዛይን ፋይሎቹን በነፃ ለቋል። ኤንጂስፓይስ ለሰርኪዩት ስሌት፣ ማጂክ ወይም ኬሌይአውት ለሥዕል ይበቃሉ፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው። መጀመሪያ አንድ ኢንቨርተር (1ን ወደ 0፣ 0ን ወደ 1 የሚገለብጥ ቀላል ሰርኪዩት) ይሥሩ፤ ከሥዕሉ የሚገኘውን የመስመር መቋቋምና ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ጨምረው እንደገና ያስሉት፣ ምን ያህል እንደዘገየም ይመዝግቡ።