“ያ ወንበር ላይ ዳግም አልቀመጥም”

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 43 ዓመቷ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምናውንም፣ ኬሞቴራፒውንም፣ ጨረሩንም ወስደን ጨርሰናል። አሸንፈነው ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ጀርባዋን ያማት ጀመር፤ ስትመረመር በሽታው ተመልሶ አጥንቷ ውስጥ እንደገባ ተነገረን። ሐኪሙ ሳይዘገይ ሕክምና እንድትጀምር ይፈልጋል። እሷ ግን “ያ ወንበር ላይ ዳግም አልቀመጥም” ብላ በዕፅዋትና በአመጋገብ አክማለሁ ወደሚል ሰው መመላለስ ጀምራለች። ጥናት እያነበብኩ አስረዳኋት፤ እህቶቿን ሰብስቤ አስመከርኳት፤ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ያዝኩላት፤ አልሄደችም። ባለፈው ሳምንት ተናድጄ የምትወስደውን ዱቄት ደፋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም። እባክዎ፣ በምን መንገድ ላሳምናት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዋናው ጉዳይ ካንተ ጋር መሆኔን አስቀድሜ ልንገርህ። ካንሰርን በዕፅዋትና በአመጋገብ ብቻ ማዳን እንደሚቻል የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ባለቤትህ የካንሰር ሐኪሟን ትታ እንድትቀር እኔም አልፈልግም። ይህን ከፊት ያስቀደምኩት ቀጥሎ የምጽፈው ደስ ላይልህ ስለሚችል ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ ያረፈው “ወስደን ጨርሰናል” ባልከው ላይ ነው። “እኛ” የሚያሰኝህ ፍቅር እንደሆነ አልጠራጠርም። በየቀጠሮው ያልተለየሃት፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለህ ያነጋህላት ሰው ሳትሆን አትቀርም። ሆኖም መርፌው የገባው በአንድ ክንድ ነው። ቀዶ ሕክምናው ያረፈውም በአንድ ሰው ገላ ላይ ነው። ሁሉም ነገር “እኛ” በሚባልበት ቤት ውስጥ የእሷ ብቻ የሆነው ሕመም የሚነገርበት ቦታ ያጣል።

ደብዳቤህ ውስጥ አንተ ትናገራለህ፣ ሐኪሙ ይናገራል፣ እህቶቿ ይመክራሉ። ከእሷ አፍ የወጣው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። አንተ የእልኸኝነቷ ማስረጃ አድርገህ አቀረብከው፤ እኔ ግን እዚያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እስቲ መልሰህ አንብበው። “አልታከምም” አላለችም። “መድኃኒት አላምንም” አላለችም። ኬሞቴራፒውን ተቀምጣ ስለወሰደችበት ስለ አንድ ወንበር ነው የተናገረችው።

ኬሞቴራፒ ከወሰዱ ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት መድኃኒቱ ገና ሳይነካቸው ያቅለሸልሻቸዋል። ወደ ሆስፒታሉ በር ሲቃረቡ፣ ነርሷን ሲያዩ፣ የመድኃኒቱን ቀለም የሚመስል ነገር ሲቀርብላቸው ሆዳቸው ይገለበጣል፤ የሚያስመልሳቸውም አሉ። ይህ በእኛ በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዘንድ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሳይንቲስት ውሾቹ ምግቡ ሳይቀርብላቸው ገና ምልክቱን ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚመጣ እንዳሳየው ሁሉ፣ የሰውም ገላ ያንን ክፍልና ያንን ሕመም አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል። ሕክምናው ካበቃ ከብዙ ጊዜ በኋላም ላይረሳ ይችላል።

ከዓመታት በፊት የማማክራት አንዲት ሴት ነበረች፤ እንዳትታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ሕክምናዋን ከጨረሰች ሁለት ዓመት አልፏታል። አንድ ቀን ቢሮዬ ገብታ ገና ከመቀመጧ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ምክንያቱ የእጅ መታጠቢያዬ ላይ ያስቀመጥኩት ሳሙና ነበር፤ ሽታው መድኃኒት ትወስድበት በነበረው ክፍል ከነበረው ጋር አንድ ሆነባት። ተመልሳ ስትቀመጥ “እኔ አብጃለሁ እንዴ?” ብላ ጠየቀችኝ። አእምሮዋ ሙሉ ነበር፤ ገላዋ ያስታወሰውን ነው የነገራት። እሷ ግን ለባሏም ለሐኪሟም ትንፍሽ ሳትል ሁለት ዓመት ቆይታለች። ሁሉም “ጀግና ነሽ” ሲሏት ስለ ሳሙና ሽታ እንዴት ታውራ?

ባለቤትህም እንዲሁ ናት ብዬ መደምደም አልችልም፤ አግኝቼ አላነጋገርኳትም። ነገር ግን አንድ ሰው “ያ ወንበር” ብሎ አንድ የቤት ዕቃ ነጥሎ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያልተነገረ ታሪክ አለ። በዚያ ወንበር ላይ ምን እንደደረሰባት ጠይቀሃታል? ጣቶቿ ደንዝዘው የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ ያቃታት ጊዜ ነበር? ልጆች ቢኖሯችሁ ሲያዩዋት ፊታቸውን ያዞሩበት ቀን ነበር? አብረሃት ስለነበርክ የምታውቅ ይመስልህ ይሆናል። አጠገቧ ባለው ወንበር የተቀመጠ ሰው ግን የሚያየው ከውጭ ነው።

ደብዳቤህ ያልመለሰው ሌላም ነገር አለ። ሐኪሙ ሕክምና እንድትጀምር ይፈልጋል ብለሃል፤ የትኛውን ሕክምና? አልጻፍክም። እኔ የካንሰር ሐኪም አይደለሁም፤ ይሁንና ከታካሚዎች ጋር ስሠራ ይህን ያህል ተምሬያለሁ፦ ተመልሶ የመጣ የጡት ካንሰር ሁሉ በኬሞቴራፒ አይጀመርም። ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ከሆነ፣ ወደ አጥንት ተዛምቶም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ሆርሞኑን በሚገታ ሕክምናና የካንሰር ሕዋሳትን መባዛት በሚያዘገዩ፣ በቤት ውስጥ በሚዋጡ መድኃኒቶች ነው። ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን የበዛበት ከሆነ እሱን ለይተው የሚያጠቁ መድኃኒቶች አሉ፤ እነዚህ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ከኬሞቴራፒ ጋር ይሰጣሉ። ሁለቱም ካልሆነ ደግሞ ኬሞቴራፒ አሁንም ትልቅ ድርሻ አለው። አጥንትን የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች፣ ሕመም የበረታበትን ቦታ የሚያስታግስ ጨረርም አለ። ዕጢው ሲመለስ ጠባዩን ለውጦ ሊመጣ ስለሚችል፣ ከተቻለ ከአዲሱ ቦታ ናሙና ተወስዶ እንደገና ይመረመራል።

እንግዲህ አስበው። እስካሁን የተጣላችሁት ማንም ገና ስላላዘዘው ሕክምና ሊሆን ይችላል። እሷ የምትሸሸው የዛሬ አምስት ዓመቱን ነው፤ አንተም የምትገፋት ወደዚያው ነው። ምናልባት በዚህኛው ዙር ወንበሩ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። ምናልባት ይኖራል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከአምስት ዓመት በፊት ያልነበረ እርዳታ ማዘጋጀት ይቻላል። የማቅለሽለሽ መከላከያውን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለ፤ ቀድሞ ለሚመጣው ማቅለሽለሽ ደግሞ እኛ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ገላን በማዝናናትና ከፈሩት ነገር ጋር ቀስ በቀስ በማለማመድ የምንሰጠው ሕክምና አለ፤ ብዙዎችን ይረዳል።

“አሸንፈነው ነበር” ስለምትለውም አንድ ነገር ልበል። ይህን ቃል የምትለው አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሁላችንም እንለዋለን። በሽታው ሲመለስ ግን ያው ቃል ዞሮ ታማሚዋን ይወጋታል። ያሸነፈች ከነበረች አሁን ተሸንፋለች ማለት ነዋ! ምን አጠፋሁ፣ ምን በላሁ፣ ምን አስጨነቀኝ እያለች ራሷን ትመረምራለች። በሆርሞን የሚያድገው የጡት ካንሰር ከአሥር፣ አንዳንዴም ከሃያ ዓመት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ታማሚዋ ሁሉንም ነገር እንደታዘዘችው አድርጋም ይመለሳል። ይህን ከአንተ አፍ ብትሰማው ጥሩ ነበር።

የዕፅዋቱ ሰው ጋ ስትሄድ ምን እንደምታገኝ እገምታለሁ። ምናልባት አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል። እንቅልፏን፣ ምሬቷን ይጠይቃታል። ከዚያም በየማለዳው በገዛ እጇ የምታዘጋጀው ነገር ይሰጣታል። ሌሎች ሁሉ በእሷ ላይ አንድ ነገር ሲያደርጉ ይህ እሷ ራሷ የምታደርገው ነው። “አድንሻለሁ” ብሎ ቃል ከገባላት በጣም አዝንበታለሁ፤ እቆጣዋለሁም። ማዳመጡ ግን ከእሱ ይልቅ ከእኛ ይጠበቅ ነበር።

አንተ አነበብኳቸው ከምትላቸው ጥናቶች አንዱን ሳልገምት አልቀርም። በ2018 እ.ኤ.አ. የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መደበኛውን ሕክምና ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የታከሙ 281 የካንሰር ታማሚዎችን መደበኛ ሕክምና ከወሰዱት ጋር አነጻጽረው ነበር፤ ከእነሱ መካከል የጡት ካንሰር የነበረባቸው የመሞት አደጋቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከባድ ቁጥር ነው፤ ሰዎች ሊያውቁት ይገባል። ነገር ግን ጥናቱ የተመለከተው ካንሰራቸው ገና ወደ ሌላ አካል ያልተዛመተባቸውን ሰዎች ስለሆነ ለባለቤትህ ሁኔታ በቀጥታ አይሠራም። ቢሠራም ኖሮ፣ ፈርታ ለተሸሸገች ሴት የሞትን ቁጥር ማንበብ ይበልጥ እንድትሸሸግ ከማድረግ በቀር ምን ይጠቅማል?

ወደ ዱቄቱ ልምጣ። መቆጣትህን እረዳለሁ፤ የደፋኸው ግን የእሷን ነገር ነው። ለጤናዋም አደገኛ የሆነ መንገድ ከፍተሃል፤ ካሁን በኋላ የምትወስደውን ትደብቃለች። አንዳንድ ዕፅዋት የካንሰር መድኃኒቶችን ኃይል ይቀንሳሉ፤ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ለዚህ የታወቀ ነው። ሌሎቹ ጉበትን ይጎዳሉ። ስለዚህ ሐኪሟ የምትወስደውን ሁሉ ማወቅ ይኖርበታል፤ የምትናገረው ደግሞ እንደማይደፋባት ስታምን ነው። ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት። “ይቅርታ፣ ግን…” አትበል፤ “ግን”ን ተዋት።

“ከሕክምናው ጋር” እና “በሕክምናው ፈንታ” በሚሉት መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ጭንቀትን ለማቅለል ተመስጦና ዮጋ፣ የሆርሞን መድኃኒት ለሚያመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌዎች ገላን በመውጋት የሚሰጥ ሕክምና) የሚረዳቸው ሰዎች እንዳሉ በጥናት ታይቷል፤ ብዙ የካንሰር ሐኪሞችም ይቀበሉታል። ባለቤትህ ሁሉንም እንድትጥል ሳትገደድ ሐኪሟ ጋ መሄድ እንደምትችል ብታውቅ፣ በሩ ትንሽ ይከፈት ይሆናል።

በመጨረሻ ያልጻፍከውን ልንገርህ። በደብዳቤህ ውስጥ “እፈራለሁ” የሚል ቃል የለም። ቀጠሮ አለ፣ ጥናት አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ንዴት አለ። የጡት ካንሰር አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕክምናው በአብዛኛው የሚያልመው በሽታውን ጨርሶ ለማጥፋት ሳይሆን ገትቶ ለመያዝ፣ ዕድሜን ለማርዘምና ሕመምን ለማቅለል እንደሆነ ሳታነብ አልቀረህም። ለዓመታት አብረውት የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ቢሆንም ይህን ማወቅ ያንቀጠቅጣል። እሷም ታውቅ ይሆናል። አንዳችሁ ሌላውን ላለማስፈራት ዝም ብላችሁ፣ ስለ ዱቄት ትጣላላችሁ። እንደምትፈራ ብትነግራት አትሰበርም፤ ብቻዋን እንዳልፈራች ታውቃለች።

ማድረግ የምትችለውን በአጭሩ ልበል፤ ሁሉም ይሳካል ብዬ ቃል አልገባልህም። እህቶቿን ለጊዜው አቁማቸው። አዲስ ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት እሷ ራሷ ሐኪሟን ልትጠይቅ የምትፈልገውን ጻፊ በላት፤ “ወንበሩ የግድ ነው?” የሚለው የመጀመሪያው ይሁን። ከፈለገች የሌላ ሐኪም አስተያየትም ትስማ፤ አስቸኳይ ምልክት ከሌለ ጥቂት ቀናት ወስዶ መወሰን አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። እግሯ ከዛለ፣ ከወገቧ በታች ከደነዘዛት፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታት ግን የሕብለ ሰረሰር መጨቆን ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዳት፤ ይህን ለእሷም ንገራት። ከካንሰር ታማሚዎች ጋር የሚሠራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ በአካል ብትሄዱ እወዳለሁ። እሷ እምቢ ካለች አንተ ብቻህን ሂድ፤ ለአንተም ያስፈልግሃል። ሁሉንም ሰምታ፣ ሁሉንም አውቃ፣ አንተ የማትፈልገውን ልትመርጥ እንደምትችልም አልሸሽግህም። ገላው የእሷ ነው።

እስከዚያው ድረስ አንድ ምሽት አጠገቧ ተቀመጥና ያ ወንበር ምን እንዳደረጋት ጠይቃት። መልሱ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ላትመልስልህም ትችላለች። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው።