የአገር ቤት ዘፈን ለምትጽፉ ልጆች

ልጆቼ፣

ከአማርኛ መምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላም የዘፈን ግጥም የሚያስነብቡኝ ወጣቶች አልጠፉም። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ስለ ገጠር ልጅነት የሚጽፈው ሁሉ ያንኑ ጋራና ሸንተረር፣ ያንኑ የጠራ ምንጭ፣ ያችኑ ደግ እናት ይዞ ይመጣል። ጎጃም የሚለውን ፍቆ ወሎ ቢለው ግጥሙ ቅር አይለውም። እዚያ ሰው ምን እየሠራ ይኖር እንደነበር ፈጽሞ አይታወቅም።

የድሮው የገጠር ዘፈን ከሥራ አይለይም። ወፍጮን ውሰዱ። ሴቲቱ ተንበርክካ መጁን፣ ማለትም የላይኛውን የወፍጮ ድንጋይ፣ ስትገፋ አንድ ሐረግ፣ ስትመልሰው ሌላ ሐረግ ይወጣታል፤ የስንኙን ልክ የምትቆርጠው በክንዷ ነው። የምታንጎራጉረውም የአማቷን ክፋት፣ የባሏን ስንፍና፣ የተዳረችበትን አገር ርቀት ነው። ቢሰሟትም ለወፍጮው ነው የነገረችው፤ ማን ይከሳታል? የሞተር ወፍጮ ሲገባ ይህ እንጉርጉሮ ቀረ። ድንጋዩ ይመለስ አልልም፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነበር። ያን ድካም ሳያነሱ የእናቴ ወፍጮ ናፈቀኝ ብሎ ማዜም ግን ለእናት ውለታ መመለስ አይመስለኝም።

አውድማውም እንዲሁ ነው፤ ነጂው በሬዎቹን ወይኖ፣ ዳልቻ እያለ በስማቸው ያወድሳቸዋል።

የቡሄን ጭፈራ ደግሞ ልብ በሉ። ነሐሴ 13 ሲቃረብ በየደጁ የሚዞሩት ልጆች ግጥሙን እንደየቤቱ ይለዋውጡት ነበር። አውራጁ የቤቱን ጌታ ያሞግሳል፣ ሙልሙሉ ከዘገየ ሸንቆጥ ያደርገዋል። ተቀባዮቹ «ሆ!» እያሉ መሬቱን በዱላ ሲመቱ እርሱ የሚቀጥለውን ስንኝ ያሰናዳል። ዛሬ በከተማ በቃል የተያዘችውን ብቻ ደግመው ብሩን ተቀብለው ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ። በልጆቹ አልፈርድም፤ የአጥር በር ተዘግቶ ማንን አይተው ያሞግሱ?

እንግዲህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አዛውንቶችን ጠይቁ። ሲያዜሙላችሁ በስልካችሁ ቅዱ። ግጥሙን ብቻ ተቀብላችሁ አትነሡ፤ «ይህን ሲሉ እጅዎ ምን ይዞ ነበር?» በሏቸው። ለአረም ነው? ለአጨዳ? ልጅ አዝለው? መልሱ ከግጥሙ የበለጠ ብዙ ይሰጣችኋል።

የሰማችሁትንም ቃል እንዳለ አስገቡት። አቀናባሪው «የከተማ ሰው አይገባውም» ቢላችሁ ዜማውን ያስተካክል እንጂ «ላይዳ» የሚለውን የእህል ማዝሪያ ስም በ«አካፋ» አትለውጡለት።