ለደብረ ብርሃን ብርድ የትኛው ፎይል? ለሸዋ ሮቢት ሙቀትስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የእናትሽ ቤት ደብረ ብርሃን ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ሌሊት ብርዱ አላስተኛ ብሏቸዋል። ብርድና ሙቀት ለመከላከል ጣሪያ ሥር የሚዘረጋ ብርማ ሽፋን (ፎይል) ልትገዢ ገበያ ወጥተሽ አራት ዓይነት አሳይተውሻል፤ ባለ አረፋ ፎይል፣ ባለ ስፖንጅ ፎይል፣ ቀጭን ብርማ ላስቲክ እና ፎይል የለበሰ ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሳይ ነገር)። ሻጩ አረፋውን ይዞ "እሱ ብቻውን ይበቃል" ብሎሻል። ወንድምሽ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ለሚሠራው ቤት ያንኑ ልግዛ ይላል።

ለወንድምሽ ፎይሉ ብቻውን ብዙ ይሠራለታል። ለእማማ ግን አይበቃም። እሳቸው ውፍረት ያለው ነገር ነው የሚያስፈልጋቸው።

እኔ የምኖረው በኮርኒስ ሥራ ነው። ደጋውም ቆላውም ላይ ሠርቻለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ግን ጣርማ በርን አልፈሽ ቁልቁል ስትወርጂ ጃኬትሽን ማውለቅ ትጀምሪያለሽ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ። ሸዋ ሮቢት ጋ ሙቀት እንዳይገባ ነው ጭንቁ፣ ደብረ ብርሃን ጋ እንዳይወጣ። ሻጭ ይህን አይጠይቅሽም።

ፎይል የሚያግደው የሙቀት ጨረርን ነው። እሳት ዳር ቆመሽ ፊትሽን የሚለበልብሽ ጨረር ነው፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ከላይ አናትሽን የሚያግለውም እሱ ነው። ንጹሕና የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከዚህ ጨረር 95 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ይህን የሚያደርገው ግን ፊት ለፊቱ ክፍት አየር ሲያገኝ ብቻ ነው፤ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር። በሁለቱም በኩል ከቆርቆሮውና ከቺፑዱ ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፈዋል። ድስት ከአሉሚኒየም የሚሠራው ለምን ሆነና!

ካላመንሽኝ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሪው። የፎይል ቁራጭ ጉንጭሽን ሳይነካ ጣት ያህል አርቀሽ ያዢው። ትንሽ ስትቆዪ የራስሽ ሙቀት ተመልሶ ይሰማሻል። ቀጥለሽ ጉንጭሽ ላይ ለጥፊው። ስስ ፎይል ከሆነ ወዲያው ይቀዘቅዝሻል። ዕቃው ያው አንድ ነው፤ ልዩነቱ መሐል ያለው አየር ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። ባለ አረፋው በሁለት የሚያብረቀርቅ ገጽ መካከል አየር የተሞሉ የላስቲክ ጉብታዎች ያሉት ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ቀላል ነው፣ ለመቁረጥ ይመቻል፣ ውኃ አያሳልፍም። ሻጮቹ "ይህ 4 ሚሊ ከ10 ሴንቲ ፋይበር ግላስ እኩል ነው" ሲሉ ግን አትስሚያቸው። አረፋው በራሱ የሚይዘው ሙቀት ኢምንት ነው። ሥራውን የሚሠራው ብርማው ገጽና ከፊቱ ያለው ክፍተት ነው።

ባለ ስፖንጁም ብዙ አይለይም፤ ትንሽ ይሻላል። ስፖንጁና ፋይበር ግላሱ፣ ውፍረታቸው እኩል ቢሆን፣ ሙቀት የሚይዙት ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አንቺው ሥሪው፦ የ5 ሚሊ ስፖንጅና የ5 ሴንቲ ፋይበር ግላስ ልዩነት አሥር እጥፍ ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በድርቡ መሐል በያዘው አየር ነው፤ ፋይበር ግላሱም የሚሠራው እንደዚያ ነው። የሚገርመው፣ የድሮው የሣር ክዳን ይህን ያውቅ ነበር። መንዝ ውስጥ በጓሳ ሣር ጥቅጥቅ ተደርጎ የተከደነ ቤት ገብተሽ ካደርሽ ቆርቆሮ ምን እንዳሳጣን ይገባሻል። ቆርቆሮ ዝናቡን ቻለ እንጂ ብርዱን አልቻለም።

ቀጭኑ ብርማ ላስቲክ ላይ ጠንቀቅ በይ። ብዙው እውነተኛ ፎይል አይደለም፤ ላስቲክ ላይ አሉሚኒየም በስሱ ተነፍቶበት ነው። ሲጨብጡትና ሲለቁት ተመልሶ ይዘረጋል። እውነተኛው ፎይል ግን እንደተጨማደደ ይቀራል። ወደ አምፖል አድርገሽም እዪው፤ የተነፋው ብርሃኑን ደብዘዝ አድርጎ ያሳልፋል። አዲስ እያለ ጨረር በመመለስ አይታማም። እርጥበት ሲደጋግመው ግን አንጸባራቂነቱ እየጠፋ፣ እየነጣ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ጣሪያ ሥር ደግሞ እርጥበት ሞልቷል፤ እመጣበታለሁ። የወጥ ቤት ፎይል ገዝተው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉም አይቻለሁ። ለምግብ መጠቅለያ የተሠራ ነው፤ ገና ሲዘረጉት ይቀደዳል። እሱን ተዪው።

የወንድምሽን ቶሎ ልጨርስ። ሸዋ ሮቢት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ እጅሽን ወደ ቆርቆሮው ብታነሺ መዳፍሽ ይግላል። ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ሲመጣ በአብዛኛው በጨረር ነው፤ ሞቃት አየር ራሱ ወደ ላይ ስለሚሄድ ወደ ታች ብዙ አያመጣውም። ስለዚህ አንድ ጥሩ ፎይል ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ትቶ ቢዘረጋ ለውጡ የዚያኑ ቀን ይታወቃል። የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ካደረገው የበጋ አቧራ ይተኛበታል፤ አቧራ የለበሰ ፎይል ደግሞ እንደማንኛውም ወረቀት ነው። በጋብሉ (ከጣሪያው ጫፍ ሥር ባለው ሦስት ማዕዘን ግድግዳ) እና በጣሪያው ጠርዝ አየር መውጫ ይተው። የቆርቆሮውን የውጭ ገጽ ነጭ ቢቀባውም ይጠቅመዋል። የእሱ በዚህ አለቀ።

የእማማ ጉዳይ ግን ሰፊ ነው። እዚህ ሙቀቱ የሚሄደው ከታች ወደ ላይ ነው። የሞቀው አየር ተነሥቶ በማዳበሪያው ቀዳዳ ሁሉ ይወጣል። ፎይል አየር በክፍተት ሲሾልክ አያየውም። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከውጩ አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚባለው ያለ ነገር አይደለም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ ይብሳል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ጊዜ ሰዎች "ጣሪያው ያፈሳል" ብለው ይጠሩኛል። ዝናብ የለም፣ በጋ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጠብ ጠብ ይላል። ወጥቼ ሳየው ቆርቆሮው ቀዳዳ የለውም። ሌሊት ከእንፋሎቱ፣ ከትንፋሹ፣ ከሻዩ የተነሣው እርጥበት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ደርሶ ውኃ ይሆናል፤ ውርጭ ሲበረታ እዚያው በረዶ ይሆናል። ፀሐይ ስትነካው ይቀልጥና አልጋ ላይ ይወርዳል። ሚስማሩ የዛገው፣ ወራጁ የጠቆረው በዚህ ነው። ያንን ቤት ሲሚንቶ እየለጠፉ "ፍሳሽ" ሲደፍኑ የኖሩ አሉ። የእማማን ኮርኒስ ስታነሺ ይህን ፈትሺ። ማዳበሪያው ላይ ቡናማ ክብ ክብ ነጠብጣብ ካለ ይኸው ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ማዳበሪያውን አውርጄ በሞራሌ ላይ ቺፑድ እመታለሁ። ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ሁሉ እደፍናለሁ፤ የአምፖሉን ገመድ ቀዳዳም ጭምር። ይህ ብቻውን፣ ገና ምንም ፎይል ሳይገዛ፣ ትልቅ ለውጥ አለው። ገንዘብ ካጠረ እዚህ ላይ ቁሚ። አረፋ ገዝቶ ክፍተቱን ሳይደፍኑ ከመቅረት ይህ ይሻላል።

ቀጥሎ ከቺፑዱ በላይ ፎይል የለበሰውን ፋይበር ግላስ አነጥፋለሁ። ቢያንስ 5 ሴንቲ፣ ከተቻለ 10። ፎይሉ ወደ ቤቱ፣ ማለትም ወደ ታች። እዚህ ላይ ቺፑዱን ስለሚነካ ጨረር መመለሱን ተዪው፤ ሥራው የቤቱ እንፋሎት ወደ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ እንዳይወጣ ማገድ ነው። መጋጠሚያዎቹን በአሉሚኒየም ፕላስተር ማሸግ ያስፈልጋል። ፋይበር ግላሱን አትጠቅጥቂው፤ ሲታመቅ አየሩን ያጣል። ስትነኪው ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ እጅጌሽን ሸፍኚ። ካላደረግሽ ሌሊቱን ስታኪ ታድሪያለሽ።

ገንዘብ ከተረፈ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ረድፍ ፎይል ጨምሪ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ የላይኛው የታችኛውን እየደረበው፣ ጫፉም ከግድግዳው ወጥቶ። እንዲህ ከሆነ የጠዋቱ ጠብታ ፎይሉን ይዞ ወደ ውጭ ይወርዳል። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ግን አየር ማስገቢያ መተው ግድ ነው፤ በሁለት ፎይል መሐል የታፈነ እርጥበት እንጨት ያበሰብሳል።

ፋይበር ግላስ ውድ ነው ብለው ጭድ በማዳበሪያ ሞልተው ኮርኒስ ላይ የሚደረድሩ አሉ። ይሞቃል፣ አልዋሽሽም። ግን አይጥ ይሰፍርበታል፣ እሳት ከያዘው ደግሞ ቤቱ አይተርፍም። ያልታጠበ የበግ ፀጉርም ይሞቃል፤ ግን ብል ይበላዋል፣ ይሸታልም።

ግድግዳው ላይ ፎይል አትለጥፊ። እርጥብ ጭቃ ውስጥ ያለ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ከውስጥ ይላላል። ሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ እርጥቡ ሲሚንቶ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። አልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ምንጣፍ መስቀል ይበቃል።

ሁለት ነገር ደግሞ ለቀልድ አይደለም። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 መንግሥት ለቤቶች ኢንሱሌሽን (የሙቀትና የብርድ መከላከያ) ሲያስገባ ጣሪያ ላይ ፎይል በብረት ስቴፕል ሲመቱ በኤሌክትሪክ የሞቱ ሠራተኞች አሉ፤ በ2010 ፎይሉ ከፕሮግራሙ እንዲወጣ ተደርጓል። እኛ አገር የኮርኒስ ላይ መስመር እንዴት እንደሚዘረጋ ታውቂያለሽ። የተላጠ ገመድ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ መጋጠሚያ። መጀመሪያ ከቆጣሪው አጥፉ፤ መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ይየው፤ በቱቦ ውስጥ ያስገባው። ከዚያ በኋላ ነው ፎይል።

ሁለተኛው ከሰል ነው። እስከ ዛሬ እማማ ከሰል አስገብተው ሲያድሩ ምንም ያልሆኑት ቤቱ በየቀዳዳው ስለሚተነፍስ ሊሆን ይችላል። አሁን ልንደፍነው ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ይገድላል። ኮርኒሱ በተሠራ ቀን ከሰሉ ከመኝታ ክፍል ይውጣ። እሺ አይሉም፣ አውቃለሁ፤ የእኔም እናት እሺ አላሉም ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስና ፍል ውኃ የሚሞላበት የጎማ ከረጢት እግራቸው ሥር አድርጊላቸው፤ ያንን ሲለምዱ ከሰሉን ራሳቸው ይተዉታል።

የክፍሎቹን ርዝመትና ስፋት፣ በወራጆቹ መሐል ያለውን ርቀት እና የጣሪያውን ሥር ፎቶ ላኪልኝ። ስንት ጥቅል እንደሚበቃሽ እነግርሻለሁ፤ ሻጩ ከሚልሽ ሳያንስ አይቀርም።