ፍሊት ነፋሁ ነፋሁ፣ በረሮው ግን አልጠፋም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ኪችናችን ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ግድግዳው ሁሌ ያልበዋል። ማታ ውሃ ልጠጣ ተነስቼ መብራት ሳበራ ከሲንኩ ስርና ከፍሪጁ ጀርባ በረሮዎች ብትን ይላሉ። ትንንሽ ናቸው፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆነው ከጭንቅላታቸው ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር አላቸው። ስድስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ፍሊት ነፋሁ፣ ሁለት ቀን ይጠፉና ይመለሳሉ፣ አሁን ደሞ መኝታ ቤትም ማየት ጀመርኩ። የአራት አመት ልጄ አስም አለበት። ቤቴን እኮ በየቀኑ ነው የማጸዳው፣ ሰው ሲመጣ አፍራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እፍረቱን ተይው። በረሮ በካርቶን ይገባል፣ ተገዝቶ በመጣ አሮጌ ፍሪጅ ይገባል፣ ከጎረቤት በቱቦ ቀዳዳ ይገባል፣ የሰው ቤት ንጹህ ይሁን ቆሻሻ አይቶ አይደለም የሚመጣው። ከገባ በኋላ እንዲከርም የሚያደርገው ግን አንድ ነገር አለ፣ እሱም ውሃ ነው። አንቺ ጋ ውሃው ግድግዳው ላይ ሳይቀር አለ፣ ስለዚህ ምንም ፍርፋሪ ሳትተዪ ብታድሪም እነሱ ይኖራሉ።

የነገርሽኝ መልክ የጀርመን በረሮ የሚባለው ነው። ስሙ እንጂ አገሩ ጀርመን አይደለም፣ እ.ኤ.አ. በ1767 ሊኒየስ የሚባል የስዊድን የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው እንደዛ ብሎ የሰየመው፣ በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ ከ2,100 አመት ገደማ በፊት ከእስያ በረሮ የወጣ ዝርያ መሆኑን አሳይቷል። ይሄን የማነሳው ለወሬ አይደለም፣ ይሄ በረሮ ከሰው ጋር መኖር የለመደ ነው፣ ጫካ የሚባል ቤት የለውም፣ ስለዚህ ብናባርረው ወደ ውጪ ይሄዳል ብለሽ አትጠብቂ፣ ከኪችን ቢሸሽ የሚሄደው ወደ መኝታ ቤት ነው።

አሁን የፍሊቱን ነገር ልንገርሽ። ፍሊት የሚነካውን ይገላል፣ ያልነካው ግን ሽታውን ሸሽቶ ወደ ሌላ ስንጥቅ ይገባል፣ መኝታ ቤት ማየት የጀመርሽውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዛ ላይ ብዙ ቦታ ያሉ የጀርመን በረሮዎች የተለመዱትን የፍሊት መድሃኒቶች ተላምደዋል። ዋናው ደሞ እንቁላሉ ነው፣ ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ከኋላዋ ተሸክማ ነው የምትዞረው፣ ሊፈለፈል አንድ ቀን ገደማ ሲቀረው ነው የምትጥለው፣ መድሃኒቱ ያንን ከረጢት አልፎ አይገባም። ስለዚህ ያየሻቸውን ገደልሽ፣ ያላየሻቸው ደግሞ ሌላ ቦታ ፈለፈሉ፣ ስድስት ወር የደከምሽው በዚህ ነው እንጂ ስራ ሳትሰሪ ቀርተሽ አይደለም።

ስለዚህ ፍሊቱን ዛሬውኑ አቁሚ። ለልጅሽም ጥሩ አይደለም፣ ሽታው ራሱ አስም ይቀሰቅሳል።

ከዛ ወደ ውሃው። የጀርመን በረሮ ምግብ አጥቶ ውሃ ካገኘ አንድ ወር ገደማ ይቆያል፣ ሁለቱንም ካጣ ግን ሁለት ሳምንት አይሞላውም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ሲንኩን በጨርቅ አድርቂው፣ ጠርዙንም የቧንቧውን ስርም። እስፖንጁን ጨምቀሽ ክዳን ያለው ነገር ውስጥ አስገቢው፣ እርጥብ እስፖንጅ ለነሱ ውሃም ምግብም ነው። እርጥብ የእቃ ጨርቅ ኪችን ውስጥ አይደር። ሲንኩ ስር ደረቅ ወረቀት አንጥፊና ጠዋት እዪው፣ ነጠብጣብ ካለበት ቱቦው ያፈሳል ማለት ነውና አሰሪው። ቀዝቃዛው ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ የሚያልበው ከሆነ በስፖንጅ መሸፈኛ ጠቅልይው። የአበባ ማሰሮ ስር ያለውን ሳህንም አትርሺ። እና ፍሪጁን ጎትተሽ ከኋላው ወይ ከስሩ ያለውን ውሃ የሚጠራቀምበትን ሳህን ፈልጊው፣ እኔ ራሴ አንድ ወቅት በረሮ ሲያስቸግረኝ ሳምንታት ሲንክ ሳደርቅ ከርሜ ለውጥ ያየሁት ያንን ሳህን ካገኘሁ በኋላ ነው፣ ሞተሩ ይሞቃል ሳህኑ ውሃ አለው፣ ከዛ የተሻለ ቦታ የት ያገኛሉ!

ለግድግዳው ስታበስይ ድስቱን ክደኚ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ የአየር ማውጫ ፋን ካለሽ አብስለሽ ከጨረስሽም በኋላ ለ20 ደቂቃ ይስራ። የእርጥበት መለኪያ ካገኘሽ ከ50 በመቶ በታች ለማውረድ ሞክሪ። አንድ ቀን ባታደርቂው ሁሉ ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ሌሊት ደረቅ ይደር።

ይሄን ለሳምንት ከያዝሽ በኋላ ጄል ነው። በመርፌ መልክ የሚመጣ የበረሮ ጄል አለ፣ በልተውት ወዲያው አይሞቱም፣ መደበቂያቸው ገብተው ነው የሚሞቱት፣ ሌሎቹ ደግሞ ኩሳቸውንና ሬሳቸውን ስለሚበሉ መርዙ አንቺ እጅሽ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይዳረሳል። አንድ ቦታ ላይ በብዛት አታፍስሺው፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጠብጣብ ብዙ ቦታ ላይ አድርጊ፣ የካቢኔት ማጠፊያ ጥግ፣ የሲንክ ስር ቱቦው ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት፣ የፍሪጅ ሞተር አካባቢ፣ ከምድጃው ጀርባ። የት እንደሚበዙ ለማወቅ መብራት ጠፍቶ ሁለት ሰአት ካለፈ በኋላ በባትሪ እያበራሽ እዪ፣ ወይ እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጊ፣ ኩሳቸው ነው። ጄሉ አጠገብ ፍሊት አይነፋ፣ በበረኪናም አይወልወል፣ ያኔ ዝር አይሉበትም። ልጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ አታድርጊው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁጥራቸው ሲወርድ ታያለሽ፣ ግን እንቁላል ውስጥ ያሉት ገና ስለሚወጡ በየሁለት ሶስት ሳምንቱ የደረቀውን ጄል እያየሽ አዲስ ጨምሪ፣ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ሁለት ሶስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ትልቁ ስህተት ሶስተኛው ሳምንት ላይ "አለቀ" ብሎ መተው ነው። የሚያጣብቅ ወጥመድ ግድግዳ ስር አድርገሽ በየሳምንቱ ስንት እንደተያዘ ጻፊ፣ በአይን ግምት ሰው ይሳሳታል። ጄሉን ጨርሶ ካልነኩት ደግሞ ውስጡ ያለው መድሃኒት የተለየ ወደሆነ ጄል ቀይሪ። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ግሉኮስ ያለበትን ማባበያ የማይበሉ በረሮዎችን አግኝተዋል፣ በኋላ በ2013 እንደታወቀው ግሉኮሱ ለነሱ መራራ ሆኖባቸው ነው።

ልጅሽን በተመለከተ ይሄን ልብ በይልኝ፣ አስም የሚያስነሳው ኩሳቸውና የሚጥሉት ቆዳም ጭምር ነው፣ እነሱ ከሞቱ በኋላም እዛው ይቆያል። ቫኪዩም ካለሽ ስንጥቁን ሁሉ ሳቢው፣ ከሌለሽ በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን አታስነሺ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንስተሽ ቦታውን አድርቂ፣ ልጁ ያን ሰአት ሌላ ክፍል ይሁን። አልጋው አጠገብ ካየሽ ደግሞ ለሀኪሙ ንገሪው።

ቀዳዳዎቹን በሲሊኮን ድፈኝ፣ ያደገ የጀርመን በረሮ ራሱ ሁለት ሚሊሜትር በማትሞላ ስንጥቅ ተጣቦ ይገባል። ካርቶን ኪችን ውስጥ አታከማቺ። ግድግዳ የምትጋሩት ጎረቤት ካለም አነጋግሪው፣ አንድ ላይ ጄል ብታደርጉ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ቦሪክ አሲድ እንዴት ነው? ብዙ ሰው ይመክረኛል፣ በየጥጉ ቆለል ቆለል አድርጌ ነበር ግን ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ ወንድሜ ችግሩ ቆለል ማድረጉ ላይ ነው። በረሮ የዱቄት ክምር ሲያይ ዞሮ ያልፋል። ቦሪክ አሲድ የሚሰራው በአይን በጭንቅ የሚታይ ስስ ብናኝ ሆኖ ሲረግጡት ነው፣ ከዛ እግራቸውንና አንቴናቸውን ሲያጸዱ ይውጡታል። እርጥበት ካገኘው ደግሞ ይጋገርና ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ላብ በሚያወጣ ኪችን ውስጥ የሚጠቅመው ደረቅ ሆኖ በሚቆይ ቦታ ብቻ ነው፣ እንደ ካቢኔት ጀርባ ያለ። ህጻን ወይ እንስሳ ካለ ጭራሽ ክፍት ቦታ ላይ አታድርገው፣ እኔን ከጠየቅከኝ ጄሉን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ከሻወር ፍሳሽ የሚወጡ ትልልቅ ቀላ ያሉ ናቸው፣ አራት ሴንቲ ይሆናሉ። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅዬ ላፍስበት?

መልስ፦ እህቴ እባክሽ እንዳታደርጊው! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባ የሚያቃጥል ሰው የሚገል ጋዝ ነው። ያየሽው የአሜሪካ በረሮ የሚባለው ነው፣ ኑሮው ፍሳሽ ውስጥ ነው፣ አንቺ ጋ ብቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ፍሳሹ ስር ያለው የታጠፈ ቱቦ ውሃው ሲደርቅበት ነው። እዛ መታጠፊያ ላይ የሚቆመው ውሃ በር ማለት ነው፣ ሻወሩን ለሳምንታት ካልተጠቀምሽበት ይደርቅና በሩ ይከፈታል። በሳምንት አንዴ ሁለት ጆግ ውሃ አፍሺበት፣ ፍሳሹ አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት አድርጊ፣ ማታ ክደኚው። ፊትሽ የመጣውን አንዱን በሳሙና ውሃ ብትረጪው ይሞታል፣ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ስለሚደፍነው፣ መርዝ አያስፈልግሽም። ውሃ እያፈሰስሽም መውጣታቸውን ካላቆሙ ግን ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል የቧንቧ ሰራተኛ ጥሪ።