ልጃቸው በመጣች ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል

ጥያቄ፦ አብሬያቸው እያደርኩ የምንከባከባቸው እናት የመርሳት ሕመም አለባቸው። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ተነስቼ ጎናቸውን አገላብጣለሁ። ቀን አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ። ስሜን ግን አያውቁትም። እኩያዬ የሆነች ልጃቸው ሳምንት ጠብቃ ብቅ ስትል ፊታቸው ይበራል። ትንሽ ተቀምጣ፣ አብራቸው ፎቶ ተነስታ ትሄዳለች። ማታ ስልኬን ከፍቼ የዋለችበትን ሁሉ ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ሰው ሁሉ “ሥራ አለሽ፣ መጠለያ አለሽ፣ አመስግኚ” ይለኛል። እኔ ግን ማመስገን አቃተኝ። ምን ይሻለኛል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም በፊት ሰው ቤት እያደርኩ ስትሮክ የመታቸውን አንድ አባት አስታምሜያለሁ። አንድ ጆሮ ከፍቶ መተኛት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ስለቀናሽ ክፉ ሰው ነኝ ብለሽ አታስቢ። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን የሚያወዳድረው ከሚመስለው ሰው ጋር ነው። አንቺና ልጅቷ ደግሞ እኩዮች ናችሁ። በአንድ በር ትገባላችሁ፤ ስትፈልግ የምትወጣው ግን እሷ ብቻ ናት። እንዴት አይቆረቁርሽ?

ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የሚያቃጥልሽ ሁለት ነገር ነው። አንዱ እሷ እንደ ልቧ መውጣቷና መተኛቷ ነው። ይሄ “አመስግኚ” ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል። በዕረፍትሽ ሰዓት እዚያው ቤት የመቆየት ግዴታም የለብሽም። ስምምነቱን ያልተቀበሉ አገሮች ስላሉ ያለሽበትን አገር ሕግ ጠይቂ። ለልጅቷም በግልጽ ንገሪያት፦ “በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ አለብኝ፤ ሌሊቱንም አልፎ አልፎ የሚተካኝ ሰው ይፈለግ።” ደመወዝሽም ዕረፍትሽም የላብሽ ዋጋ ነው፤ ማንም ውለታ አልዋለልሽም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ከየት አምጥቶ ያመሰግናል?

ሌላው ያ የሚበራው ፊት ነው። ይበልጥ የሚያምሽ እሱ ይመስለኛል። እስቲ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት ሕመም ሕሙማን የሚያሳዝንና የሚያስደስት ፊልም አሳዩዋቸው። ሕሙማኑ ያዩትን ብዙም ሳይቆዩ ረሱት። ስሜቱ ግን ቆየባቸው። እኚያ እናትም ስምሽ ቢጠፋቸው፣ በቀስታ ስታገላብጫቸው የሚሰማቸው እፎይታ አብሮ ይጠፋል ብዬ አላምንም።

እኔ የያዝኳቸው አባት መናገር አይችሉም ነበር። ሌላ ሰው ሲያገላብጣቸው ሰውነታቸው ይገተራል። እኔ ስሆን በደህናው እጃቸው የሸሚዜን እጅጌ ጨበጥ ያደርጉና ላላ ይሉልኛል። ልጆቻቸው ይህን አይተው አያውቁም። ያየሁት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ምስጋናሽን እንዲህ ካለው ነገር ጀምሪ። ማታ ስልክሽን ከአልጋሽ አርቂው፤ የልጅቷን ገጽ ማየቱንም ተዪው። ደብተር ያዢ። “ጤና አለኝ፣ ሥራ አለኝ” የሚል ጥቅል ነገር አትጻፊበት። “ዛሬ ሳጥባቸው ትከሻቸውን ለቀቅ አደረጉልኝ” ብለሽ ጻፊ። ኤሞንስና ማክሎክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለአሥር ሳምንት በሳምንት አንዴ ያመሰገኑበትን የጻፉ ሰዎች፣ ያማረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ስለዚህ በየቀኑ ካልጻፍኩ ብለሽ አትጨነቂ። የምትጽፊው ያጣሽበት ሳምንት ካለም ገጹ ባዶውን ይለፍ፤ አታስመስዪ።

ልጅቷ ስትመጣ ደግሞ እናቷን እንዴት እንደምታገላብጪ አሳዪያት። አንድ ሌሊት ብትተካሽ አንቺ ታርፊያለሽ፤ እሷም የእናቷን ሰውነት ትለምዳለች።

መጀመሪያ ግን ዕረፍቱን ጠይቂ። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።