አሮጌውን ዴስክቶፕ ለማፍጠን፦ ኦቨርክሎክ ወይስ ዕቃ መቀየር?

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ ያረጀ ዴስክቶፕ ኮምፒውተርን በአነስተኛ ወጪ ስለማሻሻል የሚያነሱ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮር አይ-5 2400 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ አለኝ። ማዘርቦርዱ ላይ ኤች 61 የሚል ተጽፎበታል። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል፤ ሲከፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ብሮውዘር ላይ ጥቂት ገጾች ስከፍትበት ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ባደርገው እንደሚፈጥን ሰዎች ነግረውኛል። እንዴት ነው የማደርገው?

መልስ፦ ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰሩ አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ግን ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ቢቻልም ኖሮ የዘረዘሯቸውን ችግሮች አይፈታልዎትም ነበር።

የማይቻልበትን ምክንያት እናስቀድም። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው ቤዝ ክሎክ የሚባለው መነሻ ፍጥነት መልቲፕላየር በሚባለው ቁጥር ሲባዛ ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር 100 ሜጋኸርዝ በ31 ተባዝቶ በ3.1 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ቀደም ባሉት የኮር 2 ዱኦ ፕሮሰሰሮች መነሻውን ፍጥነት መጨመር ቀላል ስለነበር፣ ለምሳሌ ኢ 8400 የተባለውን ፕሮሰሰር መነሻውን ከ333 ወደ 400 ሜጋኸርዝ በማሳደግ ብቻ ከ3 ወደ 3.6 ጊጋኸርዝ ማድረስ ይቻል ነበር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የእርስዎ ፕሮሰሰር ትውልድ ላይ ግን የዲስኩና የማስፋፊያ ካርዶቹ ፍጥነት ጭምር ከዚሁ መነሻ ክሎክ ጋር ስለተሳሰረ፣ ከጥቂት ፐርሰንት በላይ ሲጨመርበት ኮምፒውተሩ በሙሉ ይታወካል፤ ዲስክ ላይ ያለ መረጃም ሊበላሽ ይችላል። የቀረው መንገድ መልቲፕላየሩን መጨመር ነው። ይህም እንደ ልብ የሚፈቀደው በስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል ላላቸው ፕሮሰሰሮች ሲሆን፣ ለእነሱም ቢሆን እንደ ፒ 67 እና ዜድ 68 ያለ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያስተባብር ቺፕ) የተገጠመበት ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። ኤች 61 ከእነዚህ አንዱ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ እንምጣ። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እንደተጠመዱ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ይክፈቱ። ከጻፉልን ተነሥተን ስንገምት፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩ ግን 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ያገኙታል። ይህ የሚሆነው 4 ጊጋባይቱ ራም ቶሎ ስለሚሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን እየወሰደ ሃርድ ዲስኩ ላይ ለማስቀመጥ ስለሚገደድ ነው። ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሚሽከረከር ዕቃ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ አንባቢው ጭንቅላት ወደሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ሲጨመርበት፣ በየቦታው የተበታተኑ ፋይሎችን በሰከንድ ከመቶ ጊዜ እምብዛም በላይ ሊያነብ አይችልም። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠመው፣ መረጃን ቺፕ ላይ የሚያስቀምጠውና የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ይህንኑ ሥራ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ አሁን ካለው በእጥፍ ቢፈጥን እንኳ ዲስኩን ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ አይቀንስለትም።

በእጅዎ ያለው ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲ ይግዙ። የሚገዙት ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ዓይነት (እንደ ሃርድ ዲስክ በገመድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው) ይሁን፤ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነው ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት በእንዲህ ያለ ማዘርቦርድ ላይ መሰኪያ የለውም፣ በአስማሚ ካርድ ቢሰካም ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ከእሱ ላይ ዊንዶውስን አያስነሣም። የኤች 61 የሳታ መሰኪያዎች ሁለተኛው ትውልድ በመሆናቸው ኤስኤስዲው በካርቶኑ ላይ የተጻፈለትን በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ የሚደርስ ፍጥነት ግማሹን ያህል ብቻ ያሳያል። ይህ ሊያሳስብዎት አይገባም፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ለውጡን የሚያመጣው የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ቶሎ የማግኘት ችሎታው ነው። ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭኑ ከሆነ አስቀድመው ባዮስ ውስጥ ገብተው የሳታው አሠራር ኤኤችሲአይ በሚባለው ምርጫ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ከተጫነ በኋላ ይህንን መለወጥ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ስክሪን ይደመደማል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ለፎቶና ለፊልም ማስቀመጫ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ራም ነው። ማዘርቦርድዎ የሚቀበለው ዲዲአር 3 የተባለውን የዴስክቶፕ ራም ነው፤ የዲዲአር 4 ራም ጥርሱ የተከፈለበት ቦታ ስለሚለያይ አይገባም፣ የላፕቶፑም አጭር ስለሆነ አይሆንም። አሁን ያለው አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ከሆነ አምሳያውን በባዶው መሰኪያ ላይ መጨመር 8 ጊጋባይት ከማድረሱም በላይ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ያስችላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ዋጋቸው አጓጊ ከሆኑት መካከል «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚል የተጻፈባቸው ስላሉ፣ እነሱን ኢንቴል ላይ ቢሰኳቸው ኮምፒውተሩ አይነሣም። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይጠቀም ወደ 64 ቢት መቀየር አለበት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በመመዘኛው መሠረት ከኢንቴል በኩል ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጡትን ፕሮሰሰሮች ስለሚጠይቅ የእርስዎን አይቀበልም። ሥራዎ ከብሮውዘርና ከጽሑፍ የማያልፍ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት በዚህ ኮምፒውተር ላይ በምቾት ይሠራል።

ጥያቄ፦ የእኔ ፕሮሰሰር ኮር አይ-5 2500ኬ ነው፤ ማዘርቦርዱ ዜድ 68፣ ራሙ 8 ጊጋባይት ሲሆን ኤስኤስዲም አስገብቻለሁ። ማቀዝቀዣው ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ነው። 4.4 ጊጋኸርዝ ላደርሰው አስቤያለሁ። አደጋ አለው?

መልስ፦ እርስዎ ዕቃውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል አሟልተው ስለጠየቁን መልሳችን «ይቻላል» የሚል ነው፤ ነገር ግን አሁን ባለው ማቀዝቀዣ 4.4 አይሞክሩ።

ምክንያቱን ሒሳቡ ያሳያል። ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ከ3.3 ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ መውጣት ፍጥነቱን በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ለዚህ ሲባል ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.35 ከፍ ቢል፣ ይህ ለብቻው ኃይሉን በሩብ ገደማ ያሳድገዋል። ሁለቱ ሲባዙ ፍጆታው ወደ 70 ፐርሰንት የሚጠጋ ጭማሪ ያሳያል። ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ማቀዝቀዣ የተሠራው በአምራቹ ለተወሰነው 95 ዋት ስለሆነ ይህንን ሙቀት የማስወገድ አቅም የለውም። በሌላ በኩል ይህ ፕሮሰሰር ከአራቱ የማስሊያ ክፍሎቹ (ኮሮቹ) አንዱ ብቻ ሲሠራ በራሱ ጊዜ 3.7 ጊጋኸርዝ ስለሚደርስ፣ ቀላል ሥራ ላይ 4.2 ቢያደርጉት የሚያገኙት ትርፍ 13 ፐርሰንት ገደማ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ቪዲዮ ማቀናበርን በመሰለ አራቱንም ኮሮች በሚያሠራ ሥራ ላይ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ይክፈቱ። የማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ ፋኑን በጣትዎ ይዘው በብሩሽ ያስወግዱ፤ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን አሮጌ ተርማል ፔስት (ሙቀትን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፍ ቅባት) በአልኮል ጠርገው የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ፕሮሰሰሩ መሐል ላይ ያኑሩ። እግረ መንገድዎን በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉትን ካፓሲተሮች (ትናንሽ ሲሊንደር መሰል ዕቃዎች) ይመልከቱ። አናታቸው ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያንጠባጠበ ካለ፣ ያንን ማዘርቦርድ ኦቨርክሎክ የማድረጉን ሐሳብ እዚያው ላይ ይተዉት። ከዚያም ቁመቱ ለኬዙ የሚስማማ፣ የሙቀት ቱቦዎች ያሉትና ሰፊ ፋን ያለው ማቀዝቀዣ ይግጠሙ።

ባዮስ ውስጥ ሲገቡ የነበረውን ቅንብር በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። መልቲፕላየሩን ወደ 40 ከፍ አድርገው ይጀምሩና አንድ አንድ እየጨመሩ ይሂዱ። ቮልቴጁን «አውቶ» ላይ አይተዉት፤ ማዘርቦርዶች በዚህ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ መስጠት ይቀናቸዋል። በየደረጃው ፕራይም 95 በተባለው ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያህል እያስጨነቁ ሙቀቱን ይከታተሉ። እኛ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ1.35 ቮልት ማለፍን አንመክርም። የመጨረሻውን ፍጥነት ከመረጡ በኋላ ፈተናው ለበርካታ ሰዓታት ይቀጥል። አንድ ሰዓት ጌም ተጫውቶ «አልጠፋብኝም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ በትንሹ ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ስሌት ሊሳሳት፣ የሚቀዱትንም ፋይል ሳይታወቅ ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ከሙከራው በፊት አስፈላጊ ፋይሎችን ሌላ ቦታ መቅዳት የሚያስፈልገው። ጨርሶ አልነሣ ካለ ከኤሌክትሪክ ነቅለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ማውጣት ቅንብሩን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

በእርስዎ ቦታ ብንሆን 4.2 ላይ እናቆም ነበር። ከዚያ በላይ ያሉት ጥቂት ሜጋኸርዞች ከሚሰጡት ፍጥነት ይልቅ የሚጨምሩት ሙቀትና የፋን ጩኸት ያመዝናል።

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ባለ 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ዴስክቶፕ አለኝ። ጌም ለመጫወት ግራፊክስ ካርድ ልጨምርበት እችላለሁ?

መልስ፦ ከፓወር ሰፕላዩ የተለየ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ከመረጡ ይችላሉ። ረጅሙ የካርድ መሰኪያ በራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ደግሞ 75 ዋት ስለሚወስዱ ለእንዲህ ያለ ዴስክቶፕ ሲመረጡ ቆይተዋል። ሆኖም አንዳንድ አምራቾች በእነዚሁ ካርዶች ላይ ተጨማሪ የኃይል መሰኪያ ስለሚያደርጉባቸው ከመግዛትዎ በፊት የካርዱን ጠርዝ አገላብጠው ይመልከቱ። ፓወር ሰፕላዩን በትልቅ ለመቀየር ካሰቡ፣ የመሥሪያ ቤት ዴስክቶፖች ብዙ ጊዜ ቅርጹም የገመዱ ጫፍም ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ስለሚሆን ማንኛውም ዓይነት አይገጥምላቸውም። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ያጠረውን የካርድ ዓይነት መፈለግ ይኖርብዎታል፤ ስለዚህ በሜትር የመሰኪያውን ፊት ለፊትና የኬዙን ወርድ ለክተው ቁጥሩን ይዘው ይሂዱ።