«ቦልት»፦ ከፍላጻ እስከ በር መወርወሪያ

«ቦልት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ያላችሁን ጥያቄ ጣሉ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ የቻልኩትን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ብሎን፣ የበር መወርወሪያ፣ መብረቅ፣ መፈርጠጥ ይለኛል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል?

መልስ፦ ሥሩ ፍላጻ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቦልት አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ የከበደ ፍላጻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ባየው በኩል መሰለበት። ቅርጹን ያየ በር የሚዘጋበትን ዘንግ ቦልት አለው፤ ፍጥነቱን ያየ መብረቁን፤ ቀጥ ማለቱን ያየ ደግሞ ከእንቅልፉ ባንኖ ቀጥ ብሎ የተቀመጠን ሰው በቦልት መሰለው። ደንብሮ የሚፈረጥጥ ፈረስም ከደጋን እንደተለቀቀ ፍላጻ ነውና በዚሁ ቃል ይነገርለታል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መዝጋትም መሸሽም በአንድ ቃል ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ ሆነ። እንግሊዞች ፈረሱ ከፈረጠጠ በኋላ የጋጣውን በር ስለሚዘጋ ሰው የሚሉት አባባል አላቸው፤ የእኛው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» መሆኑ ነው። ፈረሱ መፈርጠጡም ቦልት፣ ጋጣው የሚዘጋበትም ቦልት!

ጥያቄ፦ እኛ በሩን የምንዘጋበትን «መወርወሪያ» የምንለው ከእንግሊዝኛ ተርጉመን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አይደለም። «ወረወረ» ከሚለው ግስ የወጣ የራሳችን ቃል ነው፤ ሸማኔው በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚልካትም መወርወሪያ ናት። መዝሙረ ዳዊትም «የደጆችሽን መወርወሪያ አጽንቶአልና» ይላል። እንግሊዝኛው የሚወረወረውን ዕቃ በር ላይ ሰካው፤ አማርኛው መወርወሩን ራሱን ስም አደረገው። ሳይመካከሩ እዚህ መገናኘታቸው ለእኔ ከሁሉም ይጥመኛል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። «ብሎን» ከቦልት የመጣ አይደለም?

መልስ፦ ድምፁ ያሳስታል እንጂ አይደለም፣ ወንድሜ። ብሎን የጣሊያኖቹ «ቡሎኔ» ነው፤ እሱም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ቡል»፣ ኳስ ማለት ነው። እንግሊዙ ፍላጻ ሲያጠብቅ አንተ ኳስ ታጠብቃለህ። ዳዶም ጣሊያንኛ ነው፤ ስድስት ገጽ ያላት የመጫወቻ ጠጠር ማለት ነው። ካቻቪቴ ውስጥ ያለው «ቪቴ» ደግሞ ጠመዝማዛ ምስማር ማለት ሲሆን የወይን ተክልም ስም ነው፤ የወይን ሐረግ ሲጠማዘዝ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከውጭ በሚመጣ ጨርቅ ላይም ቦልት የሚል አያለሁ።

መልስ፦ ጣቃ ማለት ነው፤ አንድ ጣቃ አቡጀዲ እንደምንለው። ተጠቅልሎ ሲያዩት እሱም ወፍራም ዘንግ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የጠመንጃውስ?

መልስ፦ እጀታውን አንስቶ፣ ወደ ኋላ ስቦ፣ ወደ ፊት ገፍቶ መቆለፍ ነው፤ ከበር መወርወሪያ በምን ይለያል? ምንሽርም ውጅግራም እንዲሁ ይቆለፋሉ። ውጅግራ፣ በነገራችን ላይ፣ «ፉዚ ግራ» የተባለው የ1874 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ጠመንጃ ስም በአባቶቻችን አፍ ነው።

ጥያቄ፦ ዱቄት መንፋትም ቦልት ይባላል፤ ይህስ ከፍላጻ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ምንም። ከድሮው ፈረንሳይኛ የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ ድምፅ ብቻ ገጠመ።

ጥያቄ፦ ኡሴይን ቦልትስ ስሙን ያገኘው በፍጥነቱ ነው?

መልስ፦ ከአባቱ የወረሰው የቤተሰብ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ ግን ስሙን ከመብረቅ ጋር ለማያያዝ የተቸገረ አልነበረም። ካሸነፈ በኋላ አንድ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሌላውን አጥፎ የሚያሳየውም ምልክት የመብረቅ ነው ይባላል። ፎቶግራፉን እንደገና ተመልከቱት፤ ቀስት የሚስብ ሰው ነው የሚመስለው።